ኮራል ዴኔሂ እና የዋንጫው ቅዳሜ

ኮራል ዴኔሂ በዋራቡክ ሜዳ አጥር ዳር መኪናዋን የምታቆምበት ቦታ የታወቀ ነበር። አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰውዬ ሳያውቅ ቢያቆምበት፣ የክለባችን ሊቀመንበር ራሱ ሄዶ፣ "ወንድሜ፣ እዚህ ከምታቆም መቃብር ላይ ብታቆም ይሻልሃል" ብሎ አስነሳው። ሰውዬው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ኮራል ከመኪናዋ ወርዳ ስትመጣ ሲያይ ግን ሳቁን ትቶ ሞተሩን አስነሳ።

ባሏ ሜርቭ ልቡ ድንገት ቆሞ ከሞተ ወዲህ፣ ኮራልን ከአልጋዋ የሚያስነሳት ያ በእጅም በእግርም የምንጫወተው የአገራችን ኳስ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እሁድ የቡድኑን ማሊያ በሙሉ አጥባ ጓሮዋ ታሰጣለች። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ልጆቹ ከልምምድ ሲወጡ የሚበሉትን ሾርባ እኔና እሷ እንሠራለን፤ ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ፣ ጨዉን እሷ ትጨምራለች፣ ሁልጊዜም ይበዛባታል። ሾርባው እየተበላ አሰልጣኙ ዋረን ስቲግ ወንበር ላይ ወጥቶ የቅዳሜ ተሰላፊዎችን ስም ያነባል። አርብ ኮራል ስለ ዝናቡ ታማርራለች። ቅዳሜ ደግሞ ቡኒና ቢጫ ስካርፏን አንገቷ ላይ ጠምጥማ አጥሩን ትደገፋለች፤ ያን ጊዜ እግዜር ይርዳቸው ዳኞቹን!

ድምፅዋ ልዩ ነበር። የሌላው ቡድን ተጫዋች ኳሷን ሳይለቅ ተይዞ ሲወድቅ፣ ዳኛው እንዲቀጣው "ኳስ!" ብላ ስትጮህ ከስንዴው ጎተራ ማዶ ይሰማል። ከጎረቤታችን ከተማ ከኬሊንግተን ሰዎች ጋር ስንጫወት ደግሞ ስድቡ ለብቻው ትርኢት ነው። አንድ ቢራ የያዘ ሰው ከማዶ፣

"ዋራቡኮች! እናንተ ዋንጫ ሲባል የምታውቁት የመጠጡን ብቻ ነው!" ይላል።

"አንተ እንኳን ዋንጫ ጥርስም የለህም! ሂድና መኪናህ ውስጥ ፈልገው!" ትለዋለች።

ሰውዬው ግን አልዋሸም። ዋንጫ ካየን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖናል። ሜርቭ ራሱ በወጣትነቱ የዋንጫ ጨዋታ ተሸንፎ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ያቺን ያልያዛትን ኳስ ያወራት ነበር።

ለዚህ ነው በልጃቸው በሮሃን የተመካነው። ሮሃን እህል መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ቁመቱ በር የማያስገባው፣ በሰው ትከሻ ላይ ዘሎ ኳስ ከሰማይ የሚለቅም ልጅ ነው። ጎል የሚያገባልን እሱ ነው። በዚያ ዓመት ወደ ዋንጫው ጨዋታ ያሳለፈንም እሱ ነው። በግማሽ ፍጻሜው መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ እየሮጠ ኳሷን ሲቀልብ፣ ከፊት የመጣው ተጫዋች ጉልበት ጆሮ ግንዱን መታው። ወደቀ። ኳሷን ግን አልለቀቃትም። ተነሣ፣ ጥቂት ተንገዳገደ፣ ከዚያ ለቀለበ ሰው የሚሰጠውን ነፃ ምት መትቶ አገባት። በአጥሩ ዙሪያ የቆመው መኪና ሁሉ ክላክስ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ኮራል እኔን አቅፋ አለቀሰች። መልበሻ ቤት የሕክምና ረዳቱ "እንዴት ነህ?" ቢለው "ደህና ነኝ" አለ፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው የሚጠየቃቸውን ጥያቄዎችም መለሰ። በክረምቱ መጀመሪያ እንደዚሁ ተመትቶ ሁለት ጨዋታ አርፎ ስለነበር፣ መልሶቹን በቃሉ ያውቃቸዋል።

በማግስቱ እሁድ እናቱ ቤት ለምሳ መጣ። ኮራል የበግ ጥብስ ሠርታለች። ሳህኑን አቅርባለት ቢላዋውን ስታነሣ፣

"ትንሽ እንቆይ፤ አባዬ ይምጣና እንብላ" አላት።

ኮራል ቢላዋውን አስቀመጠች። ሮሃን ፊቷን አይቶ ደነገጠና ሳቀ። "ቀልዴን ነው" አለ። ከዚያ ወጣ ብሎ ከጓሮው ዕቃ ቤት ጀርባ ሲያስታውክ ሰማችው። ሲመለስ አፉን በመዳፉ እየጠረገ፣ "እማ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። አንድ ጨዋታ ነው የቀረው። በእናትሽ" አለ።

እስከ ሐሙስ ለማንም አልተነፈሰችም። ከተማው እንደሆነ አብዷል፤ ዳቦ ቤቱ ቡኒና ቢጫ ኬክ ይሸጣል፣ የፖስታ ቤቱ በር በሪባን ተጠምጥሟል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ሳይቀሩ "ጌታ ሆይ፣ የሚመታውን እግር አቅና" ብለው ሰው አሳቁ። ኮራል ገበያ ስትወጣ ሰው ሁሉ እጇን ይይዛል፤ "ልጃችን እንዴት ነው?" ይላታል። "ደህና ነው" ትላለች።

ሐሙስ ዕለት የሾርባው ድስት ላይ ሆነን ነው የነገረችኝ።

"ሎይስ፣ አንድ ቅዳሜ ቢጫወት ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ እኮ። እናቱ ሆኜ። ሰኞም እንደዚያው አሰብኩ፣ ማክሰኞም። ትናንት ቤቱ ብሄድ የመጫወቻ ጫማውን አድርጎ ተቀምጧል። ማሰሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ ያየዋል። እንዴት እንደሚያስር ጠፍቶበታል። አምስት ዓመቱ ላይ ያስተማርኩትን።"

እኔም እኮ ዋንጫውን እፈልገው ነበር። የቀረውን ሽንኩርት ከተፍኩ።

ልጆቹ ገቡ። ዋረን ወንበሩ ላይ ወጣና ስም ማንበብ ጀመረ። "ሮሃን ዴኔሂ" ሲል ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ፤ ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ሰው ሮሃንን ትከሻው ላይ ሊሸከመው ሞከረ። ኮራል ጭልፋውን አስቀምጣ፣ ዋረን ሲወርድ ክንዱን ይዛ ወደ ውጭ ወሰደችው። እኔ ድስቱን ላጥብ ከኋላ በኩል ቧንቧው ጋ ነበርኩ፤ ንግግራቸውን ሁሉ ሰማሁ።

"ዋረን፣ ሮሃን ቅዳሜ መጫወት የለበትም።"

ዋረን ሳቀ። "ምን አደረገሽ? ምሳሽን ሳይጨርስ ተነሣ?"

"ጭንቅላቱ ልክ አይደለም። አስታወከ። የቀበርነውን አባቱን ለምሳ ጠበቀው።"

ሳቁ ቆመ። "ጠይቄው ደህና ነኝ ብሎኛል።"

"እግሩ ቢቆረጥም ደህና ነኝ ነው የሚልህ። አንተስ ስትጫወት ምን ነበር የምትለው?"

"ኮራል፣ ከተማው በሙሉ..."

"ከተማውን አትንገረኝ። የከተማውን ማሊያ የማጥበው እኔ ነኝ።"

ዋረን ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን አሸ። "ምናለ ባትነግሪኝ?" አለ በመጨረሻ፤ ሊያለቅስ የደረሰ መሰለኝ። "አሁን አላውቅም ማለት አልችልም።"

"ለዚያ ነው የነገርኩህ።"

አርብ ጠዋት ዋረን ራሱ ሮሃንን ወደ ትልቁ ከተማ ሐኪም ዘንድ በመኪናው ወሰደው። ሐኪሙ ብዙም አልቆየም። ቅዳሜማ የማይታሰብ ነው፤ ከዚያም በኋላ መጫወቱ አጠራጣሪ ነው አለ። ከሰዓት ሮሃን የእናቱን በር ሳያንኳኳ ገባ።

"አባዬ ቢኖር ይሄን አያደርገኝም ነበር!"

"አባትህማ የለም፤ አንተ ግን እሁድ ለምሳ ጠበቅከው።"

በሩን ሲዘጋው መስኮቱ ተርገበገበ።

የዋንጫው ጨዋታ ከኬሊንግተን ጋር ነበር፣ የሁለታችንም ባልሆነ ሦስተኛ ከተማ ሜዳ ላይ። ኮራል እንድትቀር ለመንኳት፤ "በሕይወቴ አንድ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም" ብላ ሄደች። ከእኔ ጋር አጥሩ ዳር ቆመች። ባለቤቴ ግን እዚያ ማዶ ከወንዶቹ ጋር መቆም እንደሚመርጥ ነገረኝ። የጓሮ ጎረቤቷ የሆነችው ሴት በአጠገባችን ስታልፍ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። አንድ ሽማግሌ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃት፣ ጠጋ ብሎ "አሁን ደስ አለሽ?" አላት። ያን ቀን አንድ ጊዜም አልጮኸችም።

ጨዋታው እስከ መጨረሻው አንገት ለአንገት ነበር። በመጨረሻው ደቂቃ በሮሃን ቦታ የተሰለፈው ልጅ ኳሷን ከፊት ለፊት ያዘ። ጎል ከሆነች ዋንጫው የኛ ነው። መታት። ኳሷ ምሰሶውን ነካችና ወጣች፤ ምሰሶ የነካች ኳስ ደግሞ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፣ አትበቃንም። የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ጮኸ። ኬሊንግተኖች አጥሩን ዘለው ሜዳውን ሞሉት። ልጁ እዚያው ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ተቀያሪዎቹ አጠገብ ሮሃን ቆሞ ነበር። ወደ እኛ ዞር ብሎ አላየም።

"ያ ልጅ አላጠፋም" አለችኝ ኮራል። "ሄደሽ ንገሪው። እኔ ብሄድ ይብስበታል።"

ሄጄ ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። የሰደባት የለም፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ዳቦ ቤት ስትገባ ወሬው ይቆማል። የክለቡ ኮሚቴ "ዘንድሮ ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ" ብሎ የማሊያውን አጠባ ለሌላ ሴት ሰጠባት። ሮሃን ደግሞ ሥራውን ለቆ ወደ ባሕሩ ዳር ከተማ ሄደ። ስልክ አይደውልም። እሷ ስትደውል አያነሣም። የስንዴ አጨዳው አለፈ፣ ገና አለፈ። ኮራል ከሳች። እሁድ እሁድ እኔ ቤት እየመጣች ትበላ ነበር፤ ትበላ ነበር ማለቴ፣ ሥጋውን ሳህኑ ላይ ታዟዙረው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት አጋማሽ ላይ፣ ከኬሊንግተን ጋር በምንጫወትበት ቅዳሜ፣ ሮሃን ሳይናገር መጣ። ወፍሯል፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ቀጥ ብሎ ሄዶ የእናቱን መኪና ከፍቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ያያል፣ ሰው ሁሉ ያላየ ይመስላል። ጥቂት እንደቆዩ የኛ ልጆች ጎል አገቡና ክላክሱ ጮኸ። ሮሃን ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ወደ ፊት ተደፋ። ኮራል ምንም ሳትጠይቀው ሞተሩን አስነሣች፤ ወደ ኋላ አወጣችና ጨዋታው ሳይጋመስ ከሜዳው ወጣች። ከዚያ በፊት እንዲህ ስታደርግ ያያት ሰው የለም።

ቤት አልሄዱም። በስንዴ እርሻው መሀል ባለው መንገድ ዳር አቁማ ብዙ ተቀመጡ። የተባባሉትን በኋላ ነው የነገረችኝ።

"በየቀኑ ነው የሚያመኝ" አላት። "ስም ይጠፋኛል። ሐኪሜ ያን ቅዳሜ አንዴ ብትመታ ኖሮ ላትነሣ ትችል ነበር አለኝ።"

"እህ" አለች።

"ልክ ነበርሽ።" ከዚያ ወደ ስንዴው ዞሮ፣ "ግን ይቅር አላልኩሽም፣ እማ። እንድታውቂው ነው። ልክ እንደነበርሽ አውቃለሁ፣ ይቅር ልልሽ ግን አልቻልኩም።"

"ይሁን" አለችው። "አንተ ኑርልኝ እንጂ ይቅርታው ቢዘገይ ግድ የለኝም።"

አሁን እህል መጋዘኑ ሮሃንን ወደ ሥራ መልሶታል፣ ቀለል ወዳለው። ጥሩ ቀን ሲሆንለት ይሠራል፣ መጥፎ ቀን ሲሆን መጋረጃውን ዘግቶ ይተኛል። ባለፈው ወር አዲሱ ጎል አግቢያችን ትከሻውን ተመትቶ ደህና ነኝ ሲል፣ እናቱ ወደ ኮራል ስትሄድ አየኋት። አጥሩ ዳር ቆመው ለረጅም ጊዜ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።