በስልክ የማይሰማ አዎታ

ስደት በሌሊት ይጀምራል ይላሉ፤ የእኔ ግን በጠራራው ቀን ጀመረ። ጠራራ ማለቴ እንዲያው ለወጉ ነው፤ እንጅባራ በክረምት ቀኑም ጭጋግ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ አየር ንብረትና ስለ ዕፅዋት አስተምር ነበር። በዚያ ዓመት ተማሪዎቼ ሲታፈሱ የት እንደገቡ መጠየቄ ጥፋት ሆነና ስሜ በየቢሮው ይነሣ ጀመር። ስዊድን ለአጭር ሥልጠና ተጠርቼ ስለነበር በዚያው ወጣሁ። መናኸሪያ ድረስ የሸኘችኝ ትሁን ናት፤ የማስተርስ ጥናቷን የማማክራት፣ የዘንገና ገበሬ ልጅ።

ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ "መምህር፣ በስልክም ቢሆን ያማክሩኛል አይደል?" አለችኝ።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ እኛ አገር አዎ ለማለት አፍ መክፈት አያስፈልግም፤ ትንፋሽ ሳብ ካደረግህ ቃል ሰጥተሃል። እሷም ሳብ አደረገች፤ ተለያየን።

የትሁን ጥናት በአባቷ ማሳ ላይ ነበር። በእኛ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚለውን ዛፍ ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ጤፉን ያጭዳል፣ ዛፉ ሲደርስ ደግሞ ከሰል ያከስለዋል። ዝናቡ ሲዘገይና ውርጩ ያለጊዜው ሲመጣ ችግኙ ምን እንደሚሆን ነበር የምታጠናው። ስንቱን አስተምሬያለሁ፤ ቅጠል ለመለካት ጎህ ሲቀድ ማሳ የምትገባ ግን እሷን ብቻ ነው ያየሁ። አገር ጥዬ ስወጣ መምህርነቴም አብሮ ቀረ፤ ከእሱ የተረፈኝ የትሁን መጨረስ ብቻ ነበር።

ስዊድን ገብቼ ጥገኝነት ስጠይቅ መርማሪዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ አስተርጓሚው በስልክ ነበር። ድምፁ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠች ማጉያ ይወጣል።

"መምህር ነበርክ ወይ? ትልሃለች።"

ሳብ አደረግሁ።

"ብትመለስ የሚያሰጋህ ነገር አለ?"

አሁንም ሳብ።

"ወንድሜ፣ ለምን ዝም ትላለህ? እኔም ዝም ብሏል ብዬ እኮ ነው የማስተረጉመው!"

መርማሪዋ ደረቴን እያየች አንድ ነገር አለችው። "አስም አለብህ ወይ? ትልሃለች።"

"ኧረ የለብኝም! አዎ እያልኩ ነው!"

አስተርጓሚው ያገሬ ሰው ከት ብሎ ሳቀ። "በስልክ ነን እኮ፤ በአፍህ በል!" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም በአፌ መለስኩ።

ውሳኔውን እየጠበቅሁ ወደ ሰሜን ላኩኝ። ያከራየችኝ ብሪት የምትባል አሮጊት ናት። "ክፍሉ ይሞቃል?" አልኳት በእንግሊዝኛ። ትንፋሿን ሳብ አደረገች! እንደ እኛው! የዚያ አገር ሰሜነኞችም እንዲህ ነው አሉ አዎ የሚሉት። እንባዬ ዱብ አለ።

"ኪራዩ ነው ያስለቀሰህ?" አለችኝ ደንግጣ።

የሁለቱ አገር ዝምድና ግን በዚያው አበቃ። ድንቹ የእኛን የባንጃን ድንች ይመስላል፤ አብሮት የሚቀርበው በስኳር የተዘፈዘፈ ዓሣ ነው። ብርዱንም የእንጅባራ ልጅ ነኝ ብዬ ንቄው ነበር፤ ጥቅምት ሳይጋመስ ትዕቢቴን አስተነፈሰኝ። ሰው ሳይጠራ ሰው ቤት አይሄድም። እሁድ ከነቤቱ፣ ከነመንገዱ ጭው ይላል።

ሥራ ያገኘሁት ቲማቲም በሚያበቅሉበት የመስታወት ቤት ነው። እዚያ ዝናብ በቁልፍ ይዘንባል፣ ፀሐይም በመብራት ትወጣለች። የትሁን አባት ቢያይ ያማትብ ነበር። አንድ ቀን አሠሪዬን፣ "ይህ ቅጠል ለምን እንደጠወለገ ልንገርህ?" አልኩት።

"አትንገረኝ፤ ቁረጠው" አለኝ። ቆረጥኩት።

እሁድ እሁድ ትሁን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ኔትወርክ ፍለጋ ጥርባ ሐይቅ አፋፍ ላይ ወጥታ ትጠብቀኛለች። የለካችውን ታነብልኛለች፤ ስትሳሳት እቆጣለሁ፤ ለዚያች ሰዓት ሰው እሆናለሁ። በኋላ የችግኙ ቅጠል ላይ ዝገት የመሰለ ነገር እንደወጣ ነገረችኝ። ሰነበተና ቅርንጫፉ ይደርቅ ጀመር። እኔ እዚህ ሆኜ መድኃኒቱን አላውቀው፣ ሄጄ በእጄ አልዳስሰው።

ባለፈው እሁድ ደወልኩ።

"ችግኙ አለቀ፣ መምህር። አባቴ ነገ በሬ ሊያስገባበት ነው፤ ድንች ይሻለኛል ይላል። ትምህርት ክፍሉም አማካሪሽ የለ፣ ሌላ ርዕስ ያዢ ወይ ልቀቂ አለኝ።"

"ትሁን፣ ስሚኝ! መድረቁም ውጤት ነው። ከመታረሱ በፊት የደረቀውንም ያልደረቀውንም ቅጠል ለየብቻ ሰብስቢ። አባትሽን ትንሽ ቀን ለምኛቸው።"

"ለምኜው ነበር፤ እምቢ አለ። አይ መምህር... ስመረቅ እርስዎ ይመጣሉ?"

"አልመጣም" አልኳት። ውሳኔዬ ገና አልወጣም፤ ቢወጣም ወደዚያ የሚመልሰኝ መንገድ አይታየኝም። "ግን ትጨርሻለሽ፣ አይደል?"

የጥርባ ነፋስ ስልኩን ይመታዋል።

"ትሁን፣ ትጨርሻለሽ? በአፍሽ በይልኝ!"

ነፋሱ ብቻ። ትንፋሿን ሳብ አድርጋ ይሆናል። አንገቷን ደፍታ እያለቀሰችም ይሆናል። መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል፣ ብደውል አልገባ አለ።

ብሪት ድምፄን ሰምታ በሩን ከፈት አደረገች። "ካገር ቤት ነው? ደህና ወሬ ነው?"

ልቅሶዬን ልውጥ ብዬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

"እሰይ" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።