ጥሩዬ አፍ የላትም

ልጅ እያለሁ መጽሐፍ ይዤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም ነበር። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት እየሄድኩ አነባለሁ፤ እንቅፋት ይመታኛል፤ እያነከስኩ ደግሞ አነባለሁ። የደምበጫ ባለጋሪዎች “አንቺ ልጅ፣ ፈረሱ ማንበብ አይችልም፣ ዘወር በይ!” እያሉ ይጮኹብኝ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ይህ አመሌ ሥራ ተገኘለት። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት፣ ሰሞኑን ስላነበብኩት መጽሐፍ እንድናገር አምስት ደቂቃ ሰጠኝ። ድምፅ ማጉያው ባንዲራው አጠገብ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተሰቅሏል፤ ዝናብ የነካው ቀን ያስነጥሰዋል። ማይኩ የብዙ ልጅ ትንፋሽና የቆሎ ሽታ ነበረው። እኔ ደግሞ ማድበስበስ አላውቅም። “ይህ መጽሐፍ መሃሉ ላይ ያንቀላፋል” እላለሁ፤ “የዚህኛው ደራሲ ዝናብ ይወዳል፣ ሰው ባለቀሰ ቁጥር ያዘንባል” እላለሁ። ግቢው በሳቅ ይናጋል።

በዚያ ዓመት የአማርኛ መምህራችን መምህር ይበልጣል ልብ ወለድ አሳተሙ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከኮታቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። መጽሐፋቸው በካርቶን ታሽጎ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝና “የዚህ ሳምንቱ የመምህራችን ነው፤ አደራ!” አሉኝ።

በሁለት ቀን ጨረስኩት። ቀለሙ ገና ትኩስ ስለነበር ጣቴን ያጠቁረኛል። ታሪኩ ጥሩዬ ስለምትባል ልጅ ነው። ሳትፈልግ ይድሯታል፤ ታለቅሳለች፤ ምዕራፍ ሙሉ ታለቅሳለች፤ በመጨረሻ ታማ ትሞታለች። አንዲት ቃል አትናገርም። እኔን አንገበገበኝ። በዚያው ሰሞን ለታላቅ እህቴ ለጌጤ ሽማግሌ መጥቶ፣ እሷ ከጓዳ ብቅ ብላ “እኔን የጠየቀኝ አለ?” ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ነበር የሄዱት።

ዓርብ ማይኩን ያዝኩ። “ቋንቋው ያምራል” አልኩ። “ግን ጥሩዬ አፍ የላትም። እኔ የማውቃቸው የደምበጫ ልጆች አፍ አላቸው። መምህራችን ሴት ልጅ ስትናገር ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም።” እንደዚያ የተሳቀበት ዓርብ አላስታውስም። መምህር ይበልጣል ባንዲራው ሥር ቆመው ሰሙኝ። ቀስ ብለው ወደ ክፍል ገቡ።

የሚቀጥለው ሳምንት አላስቀምጥ አለኝ። ማንም አልተቆጣኝም፤ የባሰውም እሱ ነበር። መምህሩ ያስተምራሉ፣ ወደ እኔ ግን አያዩም። ልጆች ከኋላቸው “አፍ የላትም!” ብለው ጮኸው ይሮጣሉ። እኔ ቤት ውስጥ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ እበር ድረስ ወጥቼ እመለሳለሁ። ወሬው ገበያ ደርሶ አባቴ ሲሰማ “አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም” አለና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እጄን ይዞ መምህሩ ቤት ወሰደኝ።

ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። አባቴ “ልጅ ናት፣ ይማሯት” ብሎ ወደ እግራቸው ሲገፋኝ ክንዴን ያዙኝ።

“የለም፣ ይተዉ፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አላደረገችም” አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ግን እስቲ ንገሪኝ፤ ጥሩዬ ብትናገር ምን ትል ነበር?”

“‘እኔን የጠየቀኝ አለ?’ ትል ነበር፣ መምህር።”

“ጥሩዬ እህቴ ነበረች” አሉ። “እኔ ከተማ ስማር ነው የዳሯት። እኔም አልጠየቅኋትም። ምን ትል እንደነበር የማላውቀው ለዚህ ነው።”

አባቴ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። መምህሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “ዓርብ እንዳትቀሪ” አሉኝ።

አልቀረሁም። ግን ከዚያ በኋላ መጽሐፍ በከፈትኩ ቁጥር፣ ይቺ ደግሞ የማን እህት ትሆን እያልኩ መሥጋት ያዝኩ። በዓመቱ መምህሩ ወደ መርጡለ ማርያም ተዛወሩ፤ ሌላ መጽሐፍ ይጻፉ አይጻፉ አልሰማሁም።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ እኖራለሁ። የመጽሐፍ አስተያየት አሁን በቴሌግራም ነው፤ አንዱ “ግሩም!” ይላል፣ ሌላው የጭብጨባ ምልክት ይደረድራል። እኔም እንደዚያው። ሰሞኑን ካነበብኳቸው ሦስት መጻሕፍት አንዱን ወደድኩት፣ አንዱ አናደደኝ፣ ሦስተኛውን ገጽ አርባ ላይ ተውኩት። ለሦስቱም የጻፍኩት ያንኑ ቃል ነው። ልጅ ሆኜ ሰው እንደሚያመው ሳላውቅ እናገር ነበር፤ ማወቄ ነው መሰለኝ ፈሪ ያደረገኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የሦስተኛው መጽሐፍ ደራሲ፣ ገና ለጋ ወጣት፣ መጽሐፏን አስመረቀች። አስተያየት እንድሰጥ ተጋብዤ መድረክ ላይ ወጣሁ፤ “ግሩም ሥራ ነው” አልኩና ወረድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ማስታወሻ ደብተሯን ገልጣ፣ እስክሪብቶዋን ከፍታ ደረሰችብኝ።

“እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የቱ ጋ ሰለቸዎት?”

“የትም” አልኳት።

ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ምንም ሳትጽፍ ደብተሯን ዘጋችው።