ካቡ የፈረሰበት ክረምት

ልጅ እያለሁ አንድ ቦታ አልቀመጥም ነበር። ዛሬም ያው ነኝ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ።

መንደራችን አምባ ላይ ነው። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው አንድ ጠባብ በር፣ በሩን ግራና ቀኝ የያዘው ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ካብ። ካቡን የሚጠብቁት አያቴ ነበሩ። አባባ እያንዳንዱን ድንጋይ በመዳፋቸው ዳብሰው፣ አገላብጠው ነው የሚያስቀምጡት። ቁልቁል ወርዶ የተመለሰ ሁሉ ከገደሉ ግርጌ ካለው ወንዝ ለካቡ አንድ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ቄስ አይል፣ ሙሽራ አይል፤ ልጅም እንደ አቅሙ። ባዶ እጁን የመጣውን አባባ ከበሩ ይመልሱታል። ኧረ ስንቱን መለሱት!

አንድ ክረምት ከጓደኞቼ ጋር ስሽቀዳደም ድንጋዩን ረሳሁት። ትዝ ያለኝ በሩ ጋ ስደርስ ነው። ያን ዳገት ማን ይመለሳል? በውጭ በኩል ዞሬ ከካቡ ሥር አንዱን ነቀልኩና ይዤ ገባሁ። አባባ ረጅም ጊዜ ዳበሱት፤ ቀና ብለው አዩኝና ከላይ አስቀመጡት። ከዚያማ ለመድኩት። ቀጣፊ!

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ካቡ እዚያው የነቀልኩበት ላይ ተደረመሰ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እኔ ከእናቴ ጀርባ ተደበቅኩ። አባባ ተነሱና "እጄ ደክሟል፤ የካብሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው" አሉ። መዶሻቸውን ለሌላ ሰው ሰጡ። ከዚያ ወዲያ አንድ ድንጋይ አልካቡም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ።

አሁን ካቡ መሃል ለመሃል ተከፍቶ ባጃጅ ይገባበታል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ የለም፤ የሚጫነው ሲሚንቶ ነው። አባባ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሆኖም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁት እዚያው በሩ ጋ ነው። ባለፈው ወር ዛሬስ እናገራለሁ ብዬ ከምኖርበት ከደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ወንዙ ጋ ባጃጁን አስቁሜ አንድ ድንጋይ አነሳሁ። ሾፌሩ "እትዬ፣ እላይ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ።

የአባባን ጉልበት ስሜ ድንጋዩን እጃቸው ላይ አኖርኩት። አፌን ሳልከፍት በመዳፋቸው ዳበሱት፤ እንደዚያን ጊዜው ረጅም ጊዜ።

"ይሄኛውስ ከእኔ ካብ የተነቀለ አይደለም" አሉ።