ወደ ማልታ ልሄድ አራት ቀን ሲቀረኝ

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ጀፕስታውን በሚባለው የከተማው ሰፈር ካለው የቸርቻችን አዳራሽ ደጃፍ ላይ ሊጋቡ ሁለት ወር የቀራቸው ወጣቶች ያዙኝ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ሰማያዊ ባሕር አሳየኝ።

«ወንድም ደሳለኝ፣ ለጫጉላ ሽርሽር ማልታ ልንሄድ አስበናል። አንተ በትንሽ ገንዘብ ሄደህ አይተሃታል አሉን። እስቲ ምከረን።»

«ብቻ ውድ ሆቴል እንዳትነግረን» አለች እጮኛው እየሳቀች።

የማውቀውን ነገርኳቸው። በጥቅምት ሂዱ፤ ባሕሩ ገና አልቀዘቀዘም፣ የአልጋ ዋጋ ግን ወርዷል። ታክሲ አትያዙ፤ የሳምንት የአውቶቡስ ካርድ ደሴቷን በሙሉ ያዞራችኋል። ጠዋት ጠዋት ፓስቲዚ ብሉ፤ አይብ ወይም አተር የተሞላ፣ የሳምቡሳ ዘመድ ነው፣ ትኩሱ ጣት ያቃጥላል። ጎዞ ወደምትባለው ትንሿ ደሴት የምታሻግረው መርከብ ስትሄዱ አታስከፍልም፤ ስትመለሱ ነው የምትከፍሉት። ልጅቷ ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈች፤ አመስግነውኝ ሄዱ። እኔ ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ያቺን ደሴት ያየኋት ሰው በብረት መትቼ፣ ይሙት ይኑር ሳላውቅ ነው።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። በቁጥር ሲታይ ሩቅ አይደለም፤ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች የድሃ ሰፈር ውስጥ ሱቅ የያዘ ሰው ግን ቶሎ ያረጃል፣ እኔም ዛሬ ወጣቶቹ የሚያማክሩኝ ሽማግሌ ሆኛለሁ። አገሬ ሆሳዕና አካባቢ ነው። ቤታችን ውስጥ ሁለት ወንዶች ነበርን። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ፣ እስከ አህጉሩ ጫፍ ወረድኩ፤ ታናሼ ማቴዎስ ከሁለት ዓመት በኋላ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ወደ ሰሜን ወጣ። አባታችን «አንዱን ላይ፣ አንዱን ታች ዘራሁ፤ የትኛው እንደሚበቅል እንጃ» ይል ነበር። ማቴዎስ ባሕሩን ተሻግሮ ማልታ ቀረ። መጀመሪያ ድንጋይ ተሸካሚ፣ ኋላ ግንበኛ ሆነ።

ኮሮና በገባ ዓመት ታመመ። በአንድ ክፍል ስምንት ሆነው ነበር የሚኖሩት። እኔም እዚህ ሱቅ ውስጥ ተዘግቶብኝ፣ በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦና ሳሙና እያሾለክሁ፣ በሌላው እጄ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር። መናገር አይችልም። ይተነፍሳል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይተነፍሳል። «ማቴ፣ ሰማዩ ይከፈት እንጂ መጥቼ አይሃለሁ» አልኩት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። በሦስተኛው ዓመት የመኖሪያ ወረቀቴም ወጣ፣ ቪዛውም ተገኘ። የቆረጥኩት ቲኬት ሁለት ቦታ አውሮፕላን የሚያስቀይር፣ ከሁሉ የረከሰው ነው። ማደሪያዬ የማቴዎስ ወለል ነበር፤ ስንቄ ደግሞ በሶ።

የሚያውቁኝ ሁሉ ሄዶ ይቀራል ብለው ነው የሚያስቡት። ሸሪኬ ኤርሚያስ እንኳ። ኤርሚያስ የከምባታ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጠብ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አምስት ዓመት አብረን ኖረናል።

«አውሮፓ የገባ ሰው ወደ ሎኬሽን ይመለሳል?» አለኝ ሻንጣዬን ስጠግን አይቶ።

«እኔ እንጃ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ አልወሰንኩም ነበር።

ጉዞዬ አራት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዘፈን ሰማን። ሳምንቱን ሙሉ የውጭ ሰዎች ሱቆች ይዘጋሉ የሚል ወሬ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ይወራል፣ ብዙ ጊዜም ወሬ ሆኖ ይቀራል። ዘፈኑ ያምር ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይገርመዋል፤ ግን ሰልፈኞቹ በሦስት ድምፅ ተከፋፍለው፣ እግራቸውን እየመቱ ሲመጡ ያምር ነበር። ኤርሚያስ በሩን ቀረቀረ። ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር መሬት ላይ ተኛን። ከዚያ ጣሪያውን በመጥረቢያ ገነጠሉት። መጀመሪያ ፀሐይ ገባች፣ ቀጥሎ የቤንዚን ጠርሙስ። ዘይቱና ካርቶኑ ወዲያው ተያያዘ።

«እጃችንን አንስተን እንውጣ» አለ ኤርሚያስ እያሳለ።

መቀርቀሪያውን ስቦ ለእኔ አቀበለኝና ቀድሞ ወጣ። ሁለት እጁን አንስቶ ነበር። በመዶሻ መቱት፤ መጀመሪያ ትከሻውን፣ ቀጥሎ መንጋጋውን። ጥርሱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። የተቆላ ባቄላ ሲቆረጠም ያለ ድምፅ ነው።

እኔ በጭሱ ውስጥ መቀርቀሪያውን እንደያዝኩ ወደ በሩ ሮጥኩ። ክንዴን የሚያህል ድፍን ብረት ነው። ፊት ለፊቴ የቆመው ጃቡ ነበር። ጃቡን አውቀዋለሁ። ዕድሜው ከእኔ ጋር እኩል ነው፤ በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ሲጋራ ሊገዛ ሲመጣ «ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ» ብሎ ሰላም ይለኛል፣ እኔም «ዬቦ ጃቡ» ብዬ እመልስለታለሁ። እናቱን ጉልበቷን ስለሚያማት ዕቃዋን እስከ ቤቷ ተሸክሜላት አውቃለሁ። በዚያ ቀን ከሌሎቹ ጋር በጎን በተፈለቀቀው ቆርቆሮ ገብቶ አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ተሸክሟል። መሣሪያ አልያዘም። አየኝና ተንቀሳቀሰ፤ ሊያሳልፈኝ ይሁን ሊይዘኝ አላውቅም። ፊቱን መታሁት። ከረጢቱ ተቀደደ፣ እሱም ዱቄቱ ላይ ወደቀ። እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ «ማይ ፍሬንድ» አለ። በሩ ክፍት ነበር፤ ተራምጬው መውጣት እችል ነበር። ደግሜ መታሁት።

ብረቱን እንደያዝኩ ስወጣ ኤርሚያስን ከበው የነበሩት ሸሹ። አንስቼው ሮጥን። ሁለት መንገድ አልፈን አንድ የሚኒባስ ሾፌር አቆመልንና «ግቡ፣ ዝቅ በሉ» አለን። እሱም የዚያው ሰፈር ሰው ነው፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። ብረቱን መንገድ ላይ በመስኮት ወረወርኩት። ኤርሚያስን ሆስፒታል አስገብቼ መሃል ከተማ፣ ሂልብሮው፣ ዘመዶቼ ወዳሉበት ፎቅ ሄድኩ። ወሬ የደረሰን ከሰዓት በኋላ ነው። ጃቡን ከእሳቱ አውጥተውት አምቡላንስ ወስዶታል። ሞቷል የሚሉ ነበሩ፣ አልሞተም የሚሉም ነበሩ።

«ሂድ» አሉኝ ዘመዶቼ። «እግዚአብሔር በር የከፈተልህ ለዚህ ነው። ሄደህ እዚያው ቅር።»

ኤርሚያስ መንጋጋው ስለታሰረ መናገር አይችልም። ወረቀት ላይ «ሂድ» ብሎ ጻፈልኝ።

ሄድኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፓስፖርቴን የምታገላብጠው ሴት ቀና ባለች ቁጥር ማስኬን ወደ ላይ እስብ ነበር። ያን ጊዜ ማስክ የሚያደርግ ሰው እየቀነሰ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ማልታ አላወለቅሁትም።

ማቴዎስን አገር ቤት ጥዬው ስወጣ ከትከሻዬ በታች ነበር። አሁን ከእኔ በላይ ሆኖ፣ እጁ በኖራ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ተቃቅፈን ብዙ ቆምን። «ደሱ፣ ሸበትክ እንዴ?» አለኝ። ያመጣሁለትን ቢልቶንግ የተባለ የዚህ አገር ቋንጣ ጉምሩክ ወስዶብኝ በሶው ብቻ ስለቀረ ተሳሳቅን።

ደሴቷ እንደ ፎቶው ናት፤ አልዋሽም። ቤቱ ሁሉ ማር በሚመስል ድንጋይ የተሠራ ነው። በየአጥሩ ሥር ቁልቋል ፍሬውን ተሸክሞ ቆሟል። በአውቶቡስ ከዳር እስከ ዳር ዞርን። ሌሎች ምግብ ቤት ሲገቡ እኛ የባሕር ግንብ ላይ ተቀምጠን ቲማቲምና ዘይት የተቀባ ዳቦ እንበላለን። ዳቦውን «ሆብስ»፣ ዘይቱን «ዘይት» ነው የሚሉት። ማቴዎስ ቋንቋቸው ከእኛ ጋር እንደሚዘመድ ሊያሳየኝ ይፈልጋል። «ሰማይን ሰማ ይላሉ። ሞትን መውት። ደም ደግሞ ያው ደም ነው» አለኝ። ዳቦውን አስቀመጥኩት። ያን ሰሞን የማየው ሁሉ አንድ ቦታ ነበር የሚመልሰኝ፤ ነጭ አሸዋ ሳይ ዱቄቱ ይታየኛል።

በአምስተኛው ቀን ኤርሚያስ ደወለ። ጥርሱን ነክሶ እንደሚያወራ ሰው ነበር ድምፁ።

«ተርፏል» አለኝ። «ግራ ዓይኑ ግን ጠፍቷል።»

በዚያው ቀን ወደ ጎዞ ለመሻገር ቀጠሮ ነበረን። መርከቧ ላይ ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ ሊያነሳ ወደ ላይ ሲወጣ ማቴዎስ ታች ገብቶ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ከመጣ ጀምሮ ባሕር ላይ ወጥቶ እንደማያውቅ ያኔ ነገረኝ፤ ለእኔ ብሎ ነው የወጣው። እኔም ስለ ጃቡ ነገርኩት። ሁለተኛውንም ምት ነገርኩት።

እሱም መሬት መሬት እያየ «የእኛ ጀልባ ሲገለበጥ» አለ፣ «አንድ ሰው እግሬን ይዞኝ ነበር። ትግራዋይ ይሁን ሱዳናዊ አላውቅም፣ ፊቱን አላየሁትም። ረገጥኩት። አለቀቀኝም። እስኪለቀኝ ድረስ ረገጥኩት።»

እጁን ያዝኩት።

«እኔ ሄጄ የምጠይቀው ሰው የለኝም ደሱ። ያንተ ሰው ቤት አለው፣ እናት አለው። አውሮፕላንህ እሑድ ነው። ሂድ።»

«እዚያ ቢገድሉኝስ?»

«ሊገድሉህ ይችላሉ» አለ። አላባበለኝም።

ተመለስኩ። በሁለተኛው እሑድ ጠዋት፣ ሰፈሩ ቸርች በሚሄድበት ሰዓት፣ ብቻዬን ወደ ጃቡ ቤት ሄድኩ። በተቃጠለው ሱቃችን ፊት ሳልፍ አንዲት ሴት አየችኝና ልጇን ወደ ቤት አስገባች። በሩን የከፈተችልኝ እናቱ ናት። አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን አላባረረችኝም።

ጃቡ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። የፊቱ ግማሽ በፋሻ ተሸፍኗል።

«ምን ቀረህ?» አለኝ።

«ላይህ ነው የመጣሁት።»

«ያ ቀጭኑ ጓደኛህስ?»

«ተርፏል።»

«እኔ አልነካሁትም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሲጋራ ፈለገ፣ አጣ፣ ተወው። ከዚያ በቀረው ዓይኑ አየኝ። «ዱቄትህን ይዤ ነበር። ስትመታኝ ገባኝ። እኔም ብሆን እመታ ነበር። ወድቄ ስጠራህ ግን ለምን ደገምከኝ?»

«አላውቅም» አልኩት። «ይቅር በለኝ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለም፣ አልልህምም አላለም። እናቱ በሩን ከፈተችና «አይተኸዋል። አሁን ሰዎቹ ከቸርች ሳይመለሱ ሂድ» አለችኝ። እስከ አስፋልቱ ድረስ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ፣ ከጎኔ ሄደች። ከእሷ ጋር ስለሆንኩ ማንም አልነካኝም። ዳግመኛ ሁለቱንም አላየኋቸውም።

ዛሬ እኔና ኤርሚያስ የምንሠራው ጀፕስታውን ነው፤ ሎኬሽን አልተመለስንም። እሱ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቷል፣ ሲስቅ አፉን ይሸፍናል። ማቴዎስ አግብቷል፤ ሌሊት መብራት አጥፍቶ አይተኛም ትላለች ሚስቱ። በቸርቻችን ደግሞ የእኔ ታሪክ ምስክርነት ሆኖ ይነገራል። «አውሮፓ ገብቶ፣ መቅረት እየቻለ፣ የበደለውን ሰው ሊክስ የተመለሰ ወንድም» እየተባልኩ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። የሚያየኝ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

እሑድ ቤት ገብቼ ስለ ሙሽሮቹ ለሚስቴ ስነግራት ይህን ሁሉ አነሳሁባት። አብዛኛውን ታውቀዋለች። ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

«ኤርሚያስ ደውሎ ጃቡ ሞተ ቢልህ ኖሮስ?»

ልዋሻት እችል ነበር። ስንት ጊዜ መድረክ ላይ ቆሜ በዝምታዬ ዋሽቻለሁ።

«አልመለስም ነበር» አልኳት። «ማልታ እቀር ነበር።»

ውሃውን ዘግታ ዞረችና አየችኝ። ከዚያ እጇን በፎጣ አደረቀች፣ መጥታም አጠገቤ ተቀመጠች።