አቀባዩ ላይ የተለጠፈው ማስቲካ

ያኔ አከራያችንን «አንቱ» እለው ነበር። አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው እምቢ ይለኛል፤ ስለዚህ «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ እኔና እናቴ አንዲት የሰርቪስ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ። እናቴ ጉልበቷ ሲደክም ከአምባሰል ገጠር አምጥቼ አጠገቤ ያደረግኳት ናት። አከራያችን ወፍጮ ቤት ያለው፣ ለሽምግልና የሚጠራ፣ ሰው ፊት ማር የሆነ ሰው ነው። እኔን ግን ከመጀመሪያውም ይቀፈኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ማስቲካ ያኝካል፤ ጣዕሙ ሲያልቅበት አውጥቶ ባገኘው ነገር ላይ ይለጥፈዋል። የጠረጴዛ ጠርዝ፣ የበር መቃን፣ የወንበር ክንድ አይመርጥም። ቤቱ ገብቼ በተቀመጥኩ ቁጥር እጄን የት እንደማሳርፍ ይጨንቀኝ ነበር።

ለውጡ መጣ በተባለ ሰሞን የቴሌቪዥን ጣቢያ እንደ አሸን ፈላ። ዲሹም ሪሲቨሩም የእሱ ነው፤ ሪሲቨሩ ያለው ሳሎኑ ውስጥ ሲሆን እኛ ክፍል የሚደርሰው ገመዱ ብቻ ነው። እሱ የከፈተውን እናያለን። እናቴ ደግሞ የምትወደው የመዝሙር ጣቢያ ነው። ዐረብ አገር ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሪሞትን ከሩቅ የሚያሠራ መሣሪያ ከትርፍ ሪሞት ጋር ላከልን። ሁለት ትናንሽ ሣጥኖች ናቸው። አንዱ እኛ ክፍል ተቀምጦ ሪሞቱን ስንጫን ይቀበልና ያለ ገመድ ሳሎን ላለው ጓደኛው ይልካል። የሳሎኑ ደግሞ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ባለች፣ ምስር በምታህል ዓይን አማካይነት ለሪሲቨሩ ያቀብላል። እናቴ «አቀባዩ» አለችው፤ ስሙም ጸና። አከራያችን እሱ በሌለበት ሰዓት እንደፈለግን እንድንቀይር ፈቀደ። ለሁለት ዓመት ያህል ያለ እንከን ሠራ።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ተጠጋ። የስልክ ኔትወርክ ጠፋ። ከውጫሌ በኩል የሚመጡ ሰዎች ፍራሽና ልጅ ተሸክመው በዋናው መንገድ ያልፋሉ፤ አንዱ የነገረንን ሌላው ያፈርሰዋል። አንዱ ጣቢያ ሁሉም ሰላም ነው ይላል፤ ሌላው ውጊያው እየቀረበ ነው ይላል። እኔና እናቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እየቀየርን ስናዳምጥ እንውላለን። መውጣት ካለብን ለእናቴ እግር ስል ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ ሪሞቱ እምቢ አለ። ቴሌቪዥኑ የሠርግ ዘፈን ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ ላይ ቆሞ ቀረ። ውጭ ሰው ይሰደዳል፤ ቤታችን ውስጥ ሚዜዎች ይጨፍራሉ።

መጀመሪያ ባትሪ ቀየርኩ። የስልኬን ካሜራ ከሪሞቱ አፍንጫ ፊት ይዤ ቁልፉን ተጫንኩ፤ በዓይን የማይታየው ብርሃን በካሜራው ውስጥ ወይን ጠጅ ሆኖ ብልጭ አለ። ሪሞቱ ደህና ነው። የክፍሉ አምፖል ረብሾት እንደሆነ ብዬ አጠፋሁት፤ አንቴናውን አቃናሁ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የእኛን ሣጥን በቢላ ጫፍ ከፈትኩት። በረሮ ሙቀት ፍለጋ ገብቶ ተራብቶበታል፤ ትንንሾቹ በእጄ ላይ ሲሮጡ ሣጥኑን ወርውሬ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ቢሆንም ጠርጌ መልሼ ስገጥመው ትንሿ መብራቱ ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር ብልጭ ድርግም ትላለች። በእኛ በኩል ያለው ሁሉ ይሠራል። ችግሩ ሳሎን ነው።

ሳሎኑ ተቆልፏል። ከዚያ በፊት ቀን ላይ ተቆልፎ አያውቅም። ሚስቱን ብጠይቃት ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው አለችኝ፤ ፊቴን አላየችም። ማታ ሲመጣ ጠብቄ ነገርኩት። የቻይና ዕቃ እንዲህ ነው፣ እኔ ራሴ አየዋለሁ አለ። ስለ ውጊያው ምን እንደሰማ ጠየቅኩት።

«ምንም የለም፣ የኔ ልጅ። ያባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ ወሬ ነው። እናትሽን ይዘሽ አርፈሽ ተቀመጪ» አለኝ።

አመንኩት። ይህ እስከ ዛሬ በራሴ ያስጠላኛል።

ሐሙስ ዕለት ሚስቱና ልጆቹ አልታዩም። ደሴ ለቅሶ ሄዱ ተባለ። ዓርብ ጠዋት እሱ ራሱ ኮቱን ለብሶ በራችን ላይ ቆመ። እነሱን አይቶ እስከ ማታ እንደሚመለስ ነገረኝና የቤቱን ቁልፍ በመዳፌ አስቀመጠ። «ቤቱን አደራ» አለ።

እንደወጣ ሳሎኑን ከፈትኩ። ምንጣፉ ተነሥቷል። ቁም ሣጥኑ ባዶ ነው። ትልቁ ቴሌቪዥን ከነበረበት ላይ የለም። ሪሲቨሩ ግን መደርደሪያው ላይ እየበራ ተቀምጧል፤ ለእኛ ዘፈን እያስተላለፈ። ጎንበስ ብዬ የአቀባዩን ዓይን ፈለግኩ። ከሪሲቨሩ ፊት ተነቅሎ በማስቲካ ተድቦልቡሏል። ጥርሱ ያረፈበት ቦታ ይታያል። ማስቲካው በሪሲቨሩ ሙቀት ለስልሶ፣ አቧራና አንድ ሽበት ይዟል። በጥፍሬ ስልጠው እየተሳበ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ጣቴን በመደርደሪያው ጠርዝ ፈትጌ ጠረግኩ።

ዓይኑን ቦታው መልሼ እናቴን በመስኮት ተጫኚው አልኳት። ወዲያው ከክፍላችን ዘፈኑ ተቋርጦ የዜና ድምፅ ተሰማ። ሮጬ ስደርስ ውጊያው አጠገባችን ደርሷል፣ ሕዝቡም ወደ ደሴ እየወጣ ነው እየተባለ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው ሦስት ቀን ሙሉ እያወቀ ዕቃውን በሌሊት፣ ቤተሰቡን በለቅሶ ሰበብ አሽሽቷል። እኛን ያስቀረን ቤቱ ባዶ መስሎ እንዳይዘረፍ፣ ግቢው ውስጥ ሰው እንዲኖር ነው። አንዲት አሮጊትና ልጇ ለበሩ ማስጠበቂያ ሆነው ታስበዋል።

ቧንቧው ሥር ሄጄ አስታወክሁ። ከዚያ እናቴን ደግፌ አወጣኋት፤ ቁልፉን በሩ ላይ እንደተሰካ ተውኩት። ባጃጅ እስከ ዋናው መንገድ አደረሰን፤ ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የእናቴን እግር አይቶ ከጎኑ አስቀመጣት፤ እኔ ከላይ ሆንኩ። ደሴም አላቆየችንም፤ አልፈን ሄድን።

ወራት አልፈው ስንመለስ ቤቱ ተዘርፏል፣ ረክሷልም። እሱ ከእኛ ቀድሞ መጥቶ ነበርና ሽማግሌ ሰብስቦ ጠበቀኝ። ክሱ አደራ በልታለች የሚል ነበር። ሽማግሌዎቹ ምን እንደምመልስ ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ዜናውን በማስቲካ ደፍነው እኛን ለዘራፊ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት» አልኩት።

ልጆች ያደረጉት ይሆናል ብሎ ሳቀ። ሲስቅም እያኘከ ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው ማስቲካ ከአደራ ጋር ምን አገናኘው አለ፤ ሌላው ሁሉም ሰው ተጎድቷልና ይቅር ተባባሉ ብሎ ነገሩን ዘጋው። ትከሻውን እንድስም ተነገረኝ። አልሳምኩም። እናቴ ግን ተነሥታ በእኔ ፈንታ ሳመችው፤ ያን ያየሁበት ዓይኔ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። በመንገድ ላይ ለምን እንዲያ እንዳደረገች ስጠይቃት በሕይወት አለን፣ ተይው አለችኝ።

በሳምንቱ ወደ ሌላ ሰፈር ለቀቅን። ከተማዋ ትንሽ ናትና ከሰውየው ጋር እንገናኛለን። ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ እንዴት ዋልሽ፣ እናትሽስ ይለኛል። እኔም እግዜር ይመስገን እላለሁ፤ ያሳደጉኝ እንዲህ ነው። እሱ ካለፈ በኋላ ግን ምራቄን እተፋለሁ፣ የሰላምታዬ ጣዕም ከአፌ እስኪለቅ።