ሆዳቸው ላይ ይመታ የነበረው

የጸጥታ ሰዎች የያዙኝ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሚኒባስ ስጠብቅ ነው። ተቃውሞ ሰልፍ ላይ የቆሰሉትን የሚያክም ሐበሻ ነርስ እየፈለጉ ነበር። ሥራዬን ሲጠይቁኝ «የቀን ሠራተኛ» አልኳቸው። አመኑኝ። ነርስነቴን ካወቁ ቁስለኞቹን የሚያክሙትን ሐኪሞች ስም አውጣ ብለው እንደሚገርፉኝ አላጣሁትም።

ያስገቡን ባሕሪ ሰፈር ያለ አሮጌ ጋራዥ ነው፤ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ሁለት ሐበሾች ቀድመውኛል፦ ለሰልፈኞች ውሃ አደሉ ተብለው የተያዙ ሽማግሌ ነጋዴና የካላክላ ሰፈር ወጌሻ። ሽማግሌውን ጋሼን ጀርባቸውን እየወጋቸው መቀመጥ አቅቷቸዋል።

«ሆድ ዕቃቸው ቦታውን ለቋል፤ አሽቼ እመልሰዋለሁ» አለ ወጌሻው። ሸሚዛቸውን ገለጠው። እምብርታቸው አጠገብ ሆዳቸው ከልባቸው ጋር እኩል ይዘላል።

«ተው! እንዳትነካቸው!» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ምን አውቀህ? የቀን ሠራተኛ አይደለህ እንዴ?»

«ነርስ ነኝ» አልኩ። ከአፌ ወጣ፣ አለቀ።

ትልቁ የደም ቧንቧ አብጦ እንደሳሳ፣ ከታሸ ሊፈነዳ እንደሚችል ነገርኳቸው።

«ሆዴን ሊሰነጥቁት ነው?» አሉ ጋሼ።

«ኧረ የለም! ብሽሽትዎ ላይ ትንሽ ይበሳሉ። የሱሪ ማሰሪያ በሱሪው ጠርዝ ውስጥ እንደሚሰደድ፣ ቀጭን ሽቦ በደም ሥርዎ ይሰዳሉ። በሽቦው ላይ የታጠፈ ቱቦ ይሄድና ያበጠው ጋ ሲደርስ ይከፈታል። ደሙ በቱቦው ያልፋል፣ ያበጠው ያርፋል።»

«አይተሃል አንተ?»

«ማየት ብቻ? ሽቦውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ!»

በሩን በቡጢ ደበደብኩ። አንድ መኮንን መጣና «እያስመሰለ ነው» አለ። እጁን ይዤ የጋሼ ሆድ ላይ አኖርኩት። ቶሎ አነሳው።

«ወረቀት ስጠኝ» አልኩ። በዐረብኛ በሽታውን፣ ሆዳቸው እንዳይታሽ፣ አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲገቡ ጻፍኩ። ከሥሩ ስሜን እስከ አያቴ፣ ቀጥሎም ሙያዬን።

«ነርስ?» አለ መኮንኑ።

«ነርስ።»

«ያላ፣ ሽማግሌውን መኪና ላይ ጫኑ። አንተ ከእኔ ጋር ና።»

ገረፉኝ። የማንንም ስም አላወጣሁም።

ስፈታ ጋሼን ታክመው፣ ቤታቸው ገብተው አገኘኋቸው። ሆዳቸው ላይ ጠባሳ የለም። እጄን ወስደው እምብርታቸው አጠገብ አኖሩት፣ ምንም አይዘልም። አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል።

ወጌሻውም ተፈትቶ ዛሬም ያሻል። ሆድ ከመንካቱ በፊት ግን መዳፉን አሳርፎ ይጠብቃል። የሚዘል ካገኘ በሽተኛውን ወረቀት አስይዞ ወደ እኔ ይልካል። ወረቀቱ ላይ ስሜን እስከ አያቴ ይጽፋል፤ ከሥሩም «ነርስ» ይላል።