በአባቴ ራስጌ የነበረው ጥድ

አባቴ የተቀበረው ከጋፋት በላይ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአንድ ያረጀ ጥድ ሥር ነው። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ደን እስከ ዛሬ የተረፈው በካብና በግዝት ነው። ገበሬዎቹ ከየማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ ተሸክመው ዙሪያውን ካቡት፤ ማሳውም ጠራ፣ ከብቱም ከደኑ ወጣ። ቀጥሎ የቆመ ዛፍ እንዳይቆረጥ ተማማሉ፣ ካህናቱም ገዘቱ። እኔ በበኩሌ ስለ ደን የምጽፍ ሰው ነኝና ስለ ካቡ በየስብሰባው አውርቻለሁ። የሲሚንቶ መቃብርንም «ሙታን ያልጠየቁት ቪላ» ብዬ በጽሑፍ አላግጫለሁ።

እናቴ ጽሑፌን አታነብም። በሙት ዓመቱ ስንሰባሰብ፣ የሰው ሁሉ ባል ሐውልት ሲቆምለት የእሷው ምልክት እንኳ ሳይኖረው መቅረቱን አነሳች። ለሐውልቱ ቦታ የሚገኘው ደግሞ ጥዱ ከተነሳ ብቻ ነበር። እምቢ ልላት አልደፈርኩም። ይልቅ አንድ ብልሃት መጣልኝ፦ የቤተ ክርስቲያኗን ገበዝ እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ይከለክላሉ፤ እኔም «ለምኜ ነበር» እላታለሁ። እንደሚከለክሉ አልተጠራጠርኩም። ቤቱ ያዘመመበት አንድ ገበሬ ለምሶሶ የሚሆን አንድ ዛፍ ቢጠይቃቸው በሰው ፊት ገሥጸው መልሰውታል።

ከቅዳሴ በኋላ፣ እናቴን አስከትዬ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ጠየቅሁ። አንደኛው ወደ ካቡ ዞር ብሎ አየ። እኔም ሊከለክሉኝ ነው ብዬ በልቤ ተመስገን አልኩ።

«አንተን እምቢ ብለን በምን ዓይናችን እናይሃለን?» አሉ ገበዙ መሬት መሬቱን እያዩ። «አገራችንን ያስጠራህልን አንተ። ይቆረጥ።»

ያን ጊዜ «ይቅር» ማለት ነበረብኝ። እናቴ ግን ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን እየተሳለመች ነበር። የለመንኩትን ሰጥተውኝ አልፈልግም ብል ደግሞ ያሾፍኩባቸው ይመስላል። እነሱ እኔን አፈሩ፣ እኔም እነሱን። ደን የሚጠፋው በድህነት ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ያ ጥድ የወደቀው በይሉኝታ ነው።

ዛፉን እንዲጥል የታዘዘው ያው ምሶሶ የተከለከለው ገበሬ ነበር። ሲጨርስ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ግዝቱ ለኔም ተነሥቷል ወይስ ለእርስዎ ብቻ ነው?»

ዓይኔን ወደ ጉቶው መለስኩ። እሱም ሳቅ ብሎ አንዲት ቅርንጫፍ ሳይዝ ወጣ።

እናቴ በሐውልቱ ደስ ብሏታል። ጥላ ስለሌለው ግን ብዙ አትቀመጥም።